ልጃችሁ መጀመሪያ ለእናንተ እንድትነግራችሁ፦ በሴት ልጆች የሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ የተጫነውን ነውር ለማንሳት ዝርዝር መመሪያ

አንዲት የ12 ዓመት ልጅ የውስጥ ልብሷ ላይ ደም ስታይ ለማን ትናገራለች? በብዙ ቤት መልሱ “ለጓደኛዋ” ነው። ጓደኛዋ ደግሞ ከእሷ የተሻለ አታውቅም። በአንዳንድ ቤት መልሱ “ለማንም” ነው። ልጅቷ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ሰው እስኪያልፍ ትቆማለች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ቤት ውስጥ የሚታወቀው “ሆዷን አሟታል” የሚለው ብቻ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእናቶች፣ ለአባቶች፣ ለአክስቶች፣ ለታላቅ እህቶችና በትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ ለሚመሩ መምህራን ነው። ከልጆች ጋር ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ነውሩ በስብከት አይነሳም። የሚነሳው ልጅቷ ሳትፈራ የምትጠይቀው አንድ ትልቅ ሰው ስታገኝ ነው። ያ ሰው ደግሞ ችግሩ ከመምጣቱ በፊት መዘጋጀት አለበት።

ዝምታው ምን ያስከፍላል? በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች 13 በመቶው ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። በአዲስ አበባ ቁጥሩ 3 በመቶ ነው፤ በአፋር 23 በመቶ ይደርሳል። ሰውነቷ ሳይጠና የምታምጥ ልጅ ምጡ ከተራዘመባት ለፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ሰገራ ያለ ፈቃድ ለሚያፈስ የውስጥ ቀዳዳ፣ ትጋለጣለች። የሐምሊን ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት ለእንደዚህ ዓይነት ሴቶች ነው። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ሽንት እየፈሰሳቸው ለዓመታት ከሰው ተደብቀው የኖሩ ናቸው። ስለ ሰውነቷ መናገር ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ሕመሟንም ትደብቃለች።

አንደኛ፦ መጀመሪያ ፊታችሁን አስተካክሉ

ልጅ ትልቁን ጥያቄ መጀመሪያ አትጠይቅም። በትንሹ ትፈትናችኋለች። “እማ፣ ሞዴስ ምንድነው?” ትላለች፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አይታ። ወይም “የጎረቤታችን ልጅ ለምን ትምህርት አቆመች?” ብላ ታልፋለች። ለዚያች ትንሽ ጥያቄ የምታሳዩት ፊት ቀጣዮቹን አምስት ዓመታት ይወስናል። “ከየት ሰማሽው?” ካላችሁ በሩ ተዘጋ። “አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!” ካላችሁ ደግሞ ቁልፉም ጠፋ።

ስለዚህ የመጀመሪያዋን መልስ ከአሁኑ አዘጋጁ። እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፦ “እሰይ፣ እኔን ጠየቅሽኝ። አንቺ ምን ሰማሽ?” ይህች መልስ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ልጅቷ ጠይቃ እንዳላጠፋች ታውቃለች። እናንተም ምን እንደምታውቅና ምን እንደተሳሳተች ትሰማላችሁ። መልሱን የማታውቁት ከሆነ “ጠይቄ ነገ እነግርሻለሁ” በሉ። ነገ ደግሞ ንገሯት። ቃል ገብቶ መርሳት ከመቆጣት እኩል በር ይዘጋል።

ሁለተኛው ዝግጅት እውቀት ነው። ብዙዎቻችን እናቶቻችን አልነገሩንም፤ እኛም በግምት ነው የተማርነው። ስለዚህ የሚከተሉትን በደንብ ያዙ።

የመጀመሪያው የወር አበባ በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል። 15 ዓመት ሞልቷት ካልመጣ ሐኪም ጋ መውሰድ ነው። ደሙ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ በአማካይ ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መዘበራረቁ የተለመደ ነው። ከ21 እስከ 45 ቀን ባለው ልዩነት ቢመላለስ አያስደነግጥም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ሞዴሱ በየሰዓቱ የሚርስ ከሆነ፣ ደሙ ከሰባት ቀን ካለፈ፣ ወይም ሕመሙ በየወሩ ከትምህርት የሚያስቀራት ከሆነ። ይህን “የሴት ዕጣ ነው” ብላችሁ አትለፉት። በደም ማነስ የምትደክም ልጅ ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ ሰነፍ የምትባልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነጭ ፈሳሽም አለ። የወር አበባ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ጀምሮ ሊታይ ይችላል፤ ጤናማ ነው። ካሳከከ፣ ከሸተተ ወይም ቀለሙ ከተቀየረ ግን ጤና ጣቢያ ያስኬዳል። ስለዚህ ፈሳሽ ማንም ስለማይነግራቸው “በሽታ ያዘኝ” ብለው በጭንቀት የሚከርሙ ልጆች አሉ።

ሁለተኛ፦ ከ9 ዓመቷ ጀምሩ፤ በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ

“ገና ልጅ ናት” የሚለው ትልቁ ወጥመድ ነው። በ10 ዓመቷ ሊመጣባት የሚችለውን ነገር በ12 ዓመቷ መንገር ምን ይጠቅማታል?

ቁጭ አድርጎ፣ ጉሮሮ ጠርጎ፣ “ልጄ ዛሬ ስለ አንድ ቁም ነገር እናወራለን” ማለትም አያስፈልግም። ልጅቷ ከመስማቷ በፊት ትፈራለች። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ወሬው ይቀላል። ፀጉሯን ስትሠሯት፣ ሽንኩርት ስትከትፉ፣ ወይም ከገበያ በእግር ስትመለሱ። ዓይን ለዓይን አትተያዩም፤ ለሁለታችሁም ቀላል ነው።

አንዲት እናት ከልጇ ጋር እንዲህ ልታወራ ትችላለች፦

“ምሕረት፣ ሰውነትሽ መለወጥ ሊጀምር ነው። ጡትሽ ይወጣል። ከዚያ አንድ ቀን ከብልትሽ ደም ታያለሽ። ስታዪው እንዳትደነግጪ። ቁስል አይደለም።”

“ያማል?”

“አንዳንዴ ሆድ ይቆርጣል። እኔንም ይቆርጠኛል። መድኃኒት አለው።”

“አንቺም ይመጣብሻል?”

“በየወሩ።”

በዚህ ይብቃ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሁለት ደቂቃ ትጨምራላችሁ። ደሙ ከማህፀን እንደሚመጣ፣ ማህፀን በየወሩ ውስጡን በሽፋን እንደሚያዘጋጅ፣ እርግዝና ከሌለ ያ ሽፋን ፈርሶ እንደሚወርድ ትነግሯታላችሁ። “አንቺም ይመጣብሻል?” የሚለው ጥያቄ በብዙ ልጆች አፍ የምሰማው ነው። መልሱን ሲሰሙ ትከሻቸው ሲወርድ ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር አደራ። “ከእንግዲህ ወንድ ከነካሽ ታረግዣለሽ” ብላችሁ አታስፈራሯት። በአገራችን እጅግ የተለመደ አባባል ነው፤ ጉዳቱም ከባድ ነው። ልጅቷ አውቶቡስ ላይ ወንድ አጠገብ ተቀምጣ ትጨነቃለች። ከጊዜ በኋላ ውሸት መሆኑን ስታውቅ ደግሞ የእናቷን እውነተኛ ምክርም አብራ ትጥለዋለች።

ሦስተኛ፦ ለመጀመሪያው ቀን ቦርሳ አዘጋጁላት

ይህ ቀላሉ ነው። በትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ሁለት ሞዴስ፣ አንድ ንጹሕ የውስጥ ልብስ፣ ትንሽ ሶፍትና ያገለገለውን መያዣ ፌስታል አድርጉ። ከ9 ወይም ከ10 ዓመቷ ጀምሮ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ይቀመጥ። ሞዴሱ ከውስጥ ልብስ ጋር እንዴት እንደሚለጠፍ በእጃችሁ አሳዩዋት። በየ4 እስከ 6 ሰዓት ይቀየራል።

ሞዴስ በየወሩ መግዛት ለማይችል ቤት የሚታጠበው አለ። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ያቋቋመችው ማርያም ሰባ የሚባለው ፋብሪካ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል ሞዴስ ያመርታል። እሷም በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ተሸልማለች። ቤት ውስጥ ከንጹሕ የጥጥ ጨርቅ መስፋትም ይቻላል። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ዋናው ነገር ፀሐይ ላይ መድረቁ ነው። ነውሩ ጤናን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሰው እንዳያየው ፍራሽ ሥር የሚደርቅ ጨርቅ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ኢንፌክሽን ያመጣል። ገመዱ ላይ ከሌላው ልብስ ጋር ይሰጣ። ጎረቤት ካየ ይይ።

ለቁርጠት፦ በፎጣ የተጠቀለለ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሆዷ ላይ፣ ትንሽ መንቀሳቀስ፣ ካስፈለገም ምግብ በልታ ኢቡፕሮፌን። ጨጓራ ያለባት ልጅ መጀመሪያ የጤና ባለሙያ ታማክር።

ቀኑ ሲመጣ ደግሞ “እንኳን ደስ አለሽ” ማለትም ሆነ እልል ማለት ግዴታ አይደለም። አንዳንዷ ልጅ ትወደዋለች፤ አንዳንዷ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ትመርጣለች። ልጃችሁን ታውቋታላችሁ። ሁሉም ልጅ መስማት ያለባት ግን “ለማን ልንገርልሽ? ለማንስ አልናገር?” የሚለውን ነው። የምሥራቹን ለአክስቶች ሁሉ ስልክ ደውሎ መንገር የልጅቷን አመኔታ ያሳጣል።

አራተኛ፦ አባትና ወንድሞች ከውጭ አይቁሙ

ሱቅ ሂዱና ተመልከቱ። ባለሱቁ ዳቦ ሲሰጥ እንዲሁ ይሰጣል። ሞዴስ ሲሰጥ በጋዜጣ ጠቅልሎ በጥቁር ፌስታል ያደርገዋል። ይህን የሚያዩት ሴቶች ብቻ አይደሉም። የ8 ዓመት ወንድሟም ከኋላ ቆሞ ያያል። ነውርን ከዚያ ይማራል፤ ነገ ክፍል ውስጥ የሚስቀው እሱ ነው።

ስለዚህ አባት አንድ ቀላል ሥራ ይሥራ። ከሌላው አስቤዛ ጋር ሞዴስ ይግዛና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠው። ምንም ንግግር አያስፈልግም። ልጅቷ “አባዬ ያውቃል፣ አልተቆጣም” ብላ ታስባለች። እናቷን ላጣች ልጅ ወይም እናቷ አረብ አገር ለሄደችባት ይህ የበለጠ አስፈላጊ ነው። አባት እንዲህ ቢላት ይበቃል፦ “የሚያስፈልግሽን ለመግዛት ገንዘቡ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነው። አትለምኚኝ፣ ውሰጂ። ማውራት የምትፈልጊው ነገር ካለ ደግሞ አክስትሽ ታውቃለች፣ እኔም እሰማለሁ።” ገንዘቡን መለመን አለመኖሩ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሞዴስ መግዣ ያጣችን ልጅ በትንሽ ብር የሚያጠምዱ ወንዶች አሉ።

ለወንድሞች ደግሞ በቀጥታ ንገሯቸው። “የእህትህ ሰውነት በየወሩ ደም ያወጣል። ጤና ነው። ልብሷ ላይ ካየህ ሹራብህን ስጣት፤ አትሳቅ።” ወንዶች ልጆች ከምናስበው በላይ ይገባቸዋል።

አምስተኛ፦ በትምህርት ቤት የጥያቄ ሳጥን

መምህራን ሆይ፣ የእናንተ ተራ ነው። የሳይንስ መጽሐፉ ላይ የሥነ ተዋልዶ ምዕራፍ አለ። አንዳንዱ መምህር ግን እዚያ ሲደርስ “ይህን ቤታችሁ አንብቡ” ብሎ ያልፈዋል። ተማሪው የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መምህሩም ያፍራል።

ንግግሩን በሰልፍ ላይ ወይም በሚኒ ሚዲያ አትጀምሩ። በድምፅ ማጉያ “ሴት ተማሪዎች የወር አበባ…” ሲባል ወንዶቹ ይስቃሉ፣ ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ያ ቀን ከሄደ ለመመለስ አንድ ሴሚስተር ይፈጃል። ይልቅ እንዲህ አድርጉ።

አንድ የካርቶን ሳጥን ፈልጉ። ክዳኑን በፕላስተር አሽጉና ወረቀት የሚያስገባ ቀዳዳ ክፈቱ። በክበቡ ሰዓት ለሁሉም ልጅ እኩል የተቀደደ ወረቀትና ተመሳሳይ እስክሪብቶ ስጡ። ሁሉም እንዲጽፉ ንገሩ። ጥያቄ የሌላት “ጥያቄ የለኝም” ብላ ትጻፍ። ይህ ቁልፍ ነው። የሚጽፉት ጥቂቶች ብቻ ከሆኑ ሌሎቹ ዞረው ያያሉ፤ ወሬው በእረፍት ሰዓት ይዳረሳል። ስም አይጻፍም። ሳጥኑን ይዛችሁ ሂዱና ማታ ለብቻችሁ አንብቡ። መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የእጅ ጽሑፉን የምታውቁት ቢሆንም ልጅቷን በዓይናችሁ አትፈልጉ።

የሚመጡት ጥያቄዎች ምን ይመስላሉ? “ቀዝቃዛ ውሃ ብነካ ደሙ ይቆማል?” “ሳይክል ብነዳ ድንግልናዬ ይጠፋል?” “አንዱ ጡቴ ከሌላው ይበልጣል፣ ምን ሆኜ ነው?” “ከመጣ ሁለት ወር አለፈው፣ ወንድ ግን አላውቅም።” “ከመጀመሪያው ፔሬድ በፊት ይረገዛል?” “አጎቴ የሚያደርገኝ ነገር ደስ አይለኝም።”

መልሱን አጭርና ግልጽ አድርጉት። ቀዝቃዛ ውሃ ደም አያቆምም፤ መታጠብ እንዲያውም ያስፈልጋል። ጡቶች እኩል አለመሆናቸው የተለመደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወር ሊዘል ይችላል። ከመጀመሪያው የወር አበባ በፊትም ማርገዝ ይቻላል፤ እንቁላሉ ከደሙ ይቀድማልና። በመጀመሪያው ግንኙነትም ይረገዛል። ከግንኙነት በኋላ መታጠብ እርግዝናን አይከላከልም።

ስለ ድንግልና የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ነው። ከዚህ አትሽሹ። ድንግልና የሚባለው በብልት መግቢያ ላይ ያለው ሥሥ ሽፋን ከሴት ሴት ይለያያል። አንዳንዷ ሲፈጥራትም ጥቂት ነው ያላት። በመጀመሪያ ግንኙነት የማይደማም ብዙ ነው። በምርመራ ማወቅ አይቻልም። የዓለም የጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. የድንግልና ምርመራ እንዲቀር ጥሪ ያቀረቡት ለዚህ ነው። ልጃቸውን “አስመርምሩልኝ” ብለው ጤና ጣቢያ የሚመጡ ወላጆች ይህን ማወቅ አለባቸው።

ስለ አጎቷ እንደጻፈችው ልጅ ዓይነት ወረቀት ሲመጣ ግን በጉባኤ አይመለስም። “ከወረቀቶቹ አንዱ እርዳታ የሚያስፈልገው ነው። ማን እንደጻፈው አላውቅም። በዚህ ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሌ ብቻዬን ነኝ” በሉ። ከዚያ እውነትም እዚያ ሁኑ። ከመጣች የማዳመጥና ወደ ሚመለከተው የማድረስ ግዴታ አለባችሁ። ለማንም እንደማትናገሩ ቃል አትግቡ፤ “ሊረዳን ለሚችል ሰው ብቻ ነው የምንናገረው” በሏት።

ከሳጥኑ ሌላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚቆለፍ የሽንት ቤት በር፣ ውሃ፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ፣ ደግሞም አንዲት መምህርት ጋ የተቀመጠ ሞዴስና ትርፍ የዩኒፎርም ቀሚስ ያስፈልጋሉ። መምህሩ “ለምን?” ሳይል የሚያስወጣበት አንድ የእጅ ምልክት ከክበቡ ጋር ተስማሙ።

ስድስተኛ፦ የሃይማኖት ጉዳይ ሲነሳ

ይነሳል። መነሳቱም ጥሩ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም። በእስልምና በዚያ ጊዜ ሶላት ይቀርላታል፤ የረመዳን ጾሙን ደግሞ በኋላ ትከፍላለች። ከዚህ ጋር መጣላት የእናንተ ሥራ አይደለም። ሥርዓቱን ከነውር መለየት ግን የእናንተ ሥራ ነው። የትኛውም ሥርዓት ትምህርት ቤት አትሂድ፣ አትታጠብ፣ አትናገር አይልም።

እኔ ያየሁት የሚሠራ ዘዴ የንስሐ አባቱን ወይም ኡስታዙን ቀድሞ ማነጋገር ነው። “አባ፣ ልጆቹ ተረግመናል ብለው ያስባሉ፣ ምን ልበላቸው?” ብላችሁ ጠይቁ። ካህኑ ራሱ “እርግማን አይደለም ልጆቼ” ሲል የእኔና የእናንተ መቶ ንግግር አይደርስበትም።

ሰባተኛ፦ ጤና ጣቢያ ከመታመሟ በፊት ውሰዷት

ልጆች ጤና ጣቢያ የሚፈሩት በመርፌው አይደለም። የሚፈሩት የካርድ ክፍሉን መስኮት ነው። ሰልፉ መሐል ቆማ “ምን ሆነሽ ነው?” ስትባል ከኋላዋ የእናቷ ዕድርተኛ ቆማለች።

ስለዚህ ጤነኛ ሆና ሳለ አብራችሁ ሂዱ። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች የተለየ ክፍል አላቸው። የት እንዳለ አሳዩዋት። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ይቀንሳል። ካርድ ክፍል ላይ “ለወጣቶች አገልግሎት ነው የመጣሁት” ማለት ይበቃል፤ ዝርዝሩ ለባለሙያዋ ነው። ባለሙያዋ ጋ ስትገቡ ደግሞ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ እናንተ ውጡ። “ውጭ እጠብቅሻለሁ” በሉ። ልጅቷ ለብቻዋ የመነጋገር መብት እንዳላት የምትማረው እናቷ በፈቃዷ ስትወጣ ነው።

ገጠር ላላችሁ ቅርቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም በተለያዩ ከተሞች ክሊኒኮችና የወጣት ማዕከላት አሉት።

እግረ መንገዳችሁን ክትባቱን ጠይቁ። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። መከላከያው የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጆች ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ በዘመቻ ተሰጠ። “መካን ያደርጋል” የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የሚያደርገው ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ መከላከል ነው።

ስምንተኛ፦ ስለ ፍቅርና ስለ መከላከያ

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይቆማል። “ከነገርኳት ፈቀድኩላት ማለት ነው” ይላል። ልጅቷ ግን በቲክቶክ፣ በቴሌግራምና ከጓደኞቿ አስቀድማ እየሰማች ነው። ምርጫው መስማቷ ወይም አለመስማቷ አይደለም፤ ከማን እንደምትሰማ ነው።

እምነታችሁን ንገሯት። “እስክታገቢ ብትጠብቂ ደስ ይለኛል” ማለት መብታችሁ ነው። ከዚያ ግን አረፍተ ነገሩን ጨርሱት፦ “ያም ሆነ ይህ ግን ችግር ቢገጥምሽ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ። አላባርርሽም።” ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከሌለ የመጀመሪያው ልጅቷን ለመደበቅ ብቻ ያዘጋጃታል።

እውነታውንም አብራችሁ ስጡ። ኮንዶም ከእርግዝናም ከአባላዘር በሽታም ይከላከላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በነጻ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች የቤተሰብ ዕቅድ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ይሠራል፤ እስከ 5 ቀንም ባለሙያ ሊረዳት ይችላል። “እምቢ” ማለትንም አለማምዷት። “አይ፣ አልፈልግም፣ ቤት ልሂድ” የሚለውን ጮክ ብላ ከእናንተ ጋር ትበለው። በአፏ ያላለችው ቃል በጭንቅ ሰዓት አይወጣላትም።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ስቶክሆልም ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ልጃችሁ ስለዚህ ጉዳይ በትምህርት ቤቷ ቋንቋ ብዙ ሰምታ ይሆናል። የሚጎድላት በአማርኛ ከእናቷ ጋር የምታወራበት ቃል ነው። ትምህርት ቤቱ የሚልከውን የፈቃድ ወረቀት ዝም ብላችሁ አትፈርሙ፣ ዝም ብላችሁም እምቢ አትበሉ። “ዛሬ ምን አስተማሯችሁ? እስቲ ለእኔም ንገሪኝ” በሉ። እሷ ታስተምራችሁ። ወሬው በዚያው ይከፈታል።

ዘጠነኛ፦ የፈራችሁት ከሆነ

ልጅቷ ተደፍራ ከመጣች የመጀመሪያው ቃል “አመንኩሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም” ነው። “ምን ለብሰሽ ነበር?” አይባልም። “ለምን አልጮህሽም?” አይባልም። ከዚያ ሰዓት ቁጠሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የድንገተኛ መከላከያውም ጊዜ አብሮ ይሄዳል። የሚቻል ከሆነ ሳትታጠብ፣ ልብሱን በወረቀት ከረጢት ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። በአዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕግ ሥራውን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ማዕከላት ተከፍተዋል። ጉዳዩን በሽምግልና ጨርሱት፣ ወይም አግብቷት ይካስ የሚል ዘመድ ይመጣል። አትስሙት። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ከዚያ በታች ያለችን ልጅ ማግባት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያስቀጣል።

አርግዛ ከመጣች ደግሞ በዚያ ቀን ምንም ውሳኔ አታድርጉ። ውሃ ስጧት፣ አብልታችሁ አስተኟት። በማግስቱ ጤና ተቋም ሂዱ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ከሆነ፣ ጤናዋን ወይም ሕይወቷን የሚያሰጋ ከሆነ፣ ወይም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች ይፈቀዳል። መደፈሯን ለማስረዳት የራሷ ቃል ይበቃል። ይህን የማያውቁ ልጆች ናቸው በየመንደሩ በስውር ሞክረው ሕይወታቸውን የሚያጡት። ልጁን ልትወልድ ከወሰነች ደግሞ የእርግዝና ክትትል ወዲያው ይጀመር። ትምህርቷን እንድትቀጥል ከርዕሰ መምህሩ ጋር እናንተ ተነጋገሩ፤ እሷን ብቻዋን አትላኩ።

ከዚያ ጎረቤት ይጠይቃል። ዕድር ላይ፣ ቡና ላይ ይጠየቃል። መልሳችሁን ቀድማችሁ ከልጅቷ ጋር ተስማሙበት። “ልጄ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብላችሁ ሁለተኛውን ሲኒ ቅዱ። ከዚያ በላይ ለማንም ማብራራት የለባችሁም። እሷም ከጓዳ ሆና ትሰማችኋለች።